መርጋ የት ነው?

«ቮ ኢስት መርጋ?» ብለው ጠየቁ ጀርመናዊቷ አስተማሪ ፍራው ኤልዛ።

መርጋ የት ነው ማለታቸው ነው። የዕለቱ የጀርመንኛ ትምህርት «የት ነው?» ነበር። ዳቦው የት ነው? ጠረጴዛው ላይ። ድመቷ የት ናት? ወንበሩ ሥር። ከድመቷ ቀጥሎ የመርጋ ተራ ደረሰ። ሁለቱ ተማሪዎች፣ ተናኘወርቅና ራቢያ፣ ተያዩ።

መርጋ ሞቷል። ከትናንት በስቲያ፣ ሰኞ ማታ፣ ከኡራኤል ሲመለስ ሰዓት እላፊ ደርሶበት፣ ካዛንቺስ አዲሶቹ የጣሊያን ቤቶች አጠገብ ዘብ ተኩሶ ገደለው። ከፍራው ኤልዛ በስተቀር የቂርቆስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእሳቸው የተነገራቸው «ወንድሙ ታሞበት ሱሉልታ ሄዷል» ተብሎ ነው።

ራቢያ አቀረቀረች። መልሱ ተናኘወርቅ ላይ ወደቀ።

«ኤር ኢስት ባይ ዛይነም ብሩደር» አለች። ወንድሙ ዘንድ ነው።

አንድም ስህተት አልነበረበትም። መማር ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጀርመንኛዋ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቀጥ ብሎ ወጥቶላት አያውቅም። ፍራው ኤልዛ አጨበጨቡ። «ዜር ጉት! እንደ በርሊን ልጅ!» ተናኘወርቅ ተመስግና እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ፍራው ኤልዛ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የኖሩት ከመርጋ ጋር ነው። ጓሮውን የሚያለማው እሱ፣ ገበያ የሚወጣው እሱ፤ ማታ የሚበሉትም ከአንድ ድስት ነበር። የእሳቸው አማርኛ ከሽንኩርትና ከቲማቲም አያልፍም፣ የእሱም ጀርመንኛ ከጎመንና ከውሻ። እንዴት እንደሚግባቡ እግዜር ይወቀው፤ ሲጨቃጨቁ ግን ጎረቤት ይሰማ ነበር። ጣሊያን ለሐበሻ ልጅ ከጥቂት ክፍል በላይ መማርን ሲከለክል፣ «መማር የሚፈልጉ ልጆች ፈልግልኝ» ብለው የላኩት እሱን ነው። እሱም ተናኘወርቅንና ራቢያን ከየቤታቸው ለምኖ አመጣ።

ፍራው ኤልዛ ልጆቹ እንዲገባቸው ቀስ እያሉ ቀጠሉ። «ሳይነግረኝ ሄዶ አያውቅም። ነገ ጠዋት ካዛንቺስ ሄጄ ዘቦቹን እጠይቃለሁ። አስረውት ይሆናል።»

ከትምህርት ሲወጡ ራቢያ የተናኘወርቅን ክንድ ያዘች። «እንዴት አፍሽ አልተሳሰረም? እኔማ በቃ፣ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር።»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? አሁን ግን ከዘቡ አፍ ሊሰሙት ነው እኮ!»

እየሮጡ አቶ ወዳጆ ቤት ሄዱ። አቶ ወዳጆ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። መርጋን ድምፅ ሳያሰሙ ኡራኤል ያስቀበሩትም፣ መርዶው እሑድ እንዲነገር የወሰኑትም እሳቸው ናቸው።

«መርዶ እንዲያው ዝም ብሎ አይነገርም፣ ልጄ» አሉ ነገሩን ከሰሙ በኋላ። «ሰው ይሰበሰባል፣ ደግፎ የሚይዝ ይቆማል። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ዘመድ የላቸውም። የመርጋ ወንድም ሊካሳ እስኪደርስ ብለን ነው እንጂ፣ ጨክነን መሰለሽ?»

«ዘቡ ሊካሳን አይጠብቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ነገ ጎህ ሲቀድ እንሂድ። ቋንቋው ያለው አንቺ ዘንድ ነው፤ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ አቶ ወዳጆ። ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ጨመሩ፦ «መቼ ሞተ ካሉሽ ትናንት ማታ በያቸው። መደበቃችንን ካወቁ በኀዘን ላይ ኀዘን ነው።»

ተናኘወርቅን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በአማርኛ ቢሆን አረፈ ይባላል፣ ተለየን ይባላል። በጀርመንኛ የምታውቀው አንድ ደረቅ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም የተማረችው ስለ ዝንብ ሲወራ ነው። ፍራው ኤልዛ ዳቦና ወንበር ብቻ ሲያስተምሯት በመክረማቸው ተናደደች፤ መናደዷም አሳፈራት።

ሲነጋጋ ልጆቹ ከአቶ ወዳጆና ከሰፈሩ ሰው ጋር ሄደው በሩን አንኳኩ። ፍራው ኤልዛ ጋቢ ደርበው ከፈቱ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ፣ ከኋላ የቆሙትን ወንዶች አዩ። ባላቸው የሞቱ ጊዜም ይኸው ሰፈር እንዲህ ሆኖ ነው የመጣላቸው።

«መርጋ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ተናኘወርቅ ስትጨነቅበት ያደረችው ቃል አላስፈለጋትም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ሴቶቹ ጣሊያን እንዳይሰማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ፍራው ኤልዛ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተናኘወርቅን ፈልገው አዩዋት።

«ቫን?» አሉ። መቼ?

አቶ ወዳጆ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትናንት ማታ ማለት በጀርመንኛ ሁለት ቀላል ቃላት ነው። ብትለው ከራቢያ በስተቀር ማንም አያውቅባትም፤ ራቢያ ደግሞ አትናገርም። ካላለችው ግን እኚህ ሴት ዳግመኛ በሩን አይከፍቱላት ይሆናል። ከዚህ ቤት ሌላ የምትማርበት የላትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትወዳቸዋለች።

«ሰኞ ማታ» አለች በጀርመንኛ።

ፍራው ኤልዛ ቀኖቹን በልባቸው ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ ታየ። «ትናንት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ። አውቅ ነበር።»

ፍራው ኤልዛ ፊታቸውን አዞሩና ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሰዉም ተከትሏቸው ገባ። አቶ ወዳጆ ደጃፉ ላይ ተናኘወርቅን አስቆሟት።

«ምን አሉሽ?»

«መቼ እንደሞተ ጠየቁኝ።»

«ትናንት ማታ አልሻቸው?»

«አላልኩም፣ አባባ። እውነቱን ነው የነገርኳቸው።»

ሽማግሌው መንገድ ለቀቁላት። ፍራው ኤልዛ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። ተናኘወርቅም እስኪያዩዋት አልጠበቀችም። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።