አንድ ሰዓት የቀደመው መልእክት

ሪሐና ኢዘዲንን የወደደችው መልኩን ሳታይ ነው።

ነገሩ በ2005 ዓ.ም. የሆነ ነው። እሷ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተወልዳ ያደገች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቀን ቀን ስታዲየም አካባቢ በአባቷ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ቼዝ ያስተማሯት ጎረቤታቸው ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። እሷ ደግሞ በተራዋ ሽማግሌውን ኢንተርኔት አስተማረቻቸው። ሁለቱ ሆነው የጀመሩት የቼዝ ቡድን በዓመቱ ስምንት ሰው ሞላው። ስሙን «ቂርቆስ» አሉት፤ ሪሐናን አምበል አደረጓት።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን ከሌላ ቡድን ጋር በኢንተርኔት ይገጥማል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ሦስት ቀን ይሰጣል። አባላቱ በየቤታቸው ሆነው ሐሳባቸውን በቡድኑ ገጽ ላይ ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣሉ። ብዙ ድምፅ ያገኘው እርምጃ ይሄዳል። የቼዝ ፕሮግራም መጠየቅ ክልክል ነው። ሪሐና ይህንን በገጹ አናት ላይ በራሷ አነጋገር ጽፋዋለች፦ «ስንሸነፍም አብረን፣ ስናሸንፍም አብረን። የሚጫወተው የሰው ጭንቅላት ነው። አማና ነው።»

ኢዘዲን የገባው ዘግይቶ ነው። ካዛንቺስ የሚኖር፣ በአንድ የሕንጻ ዲዛይን ቢሮ ንድፍ የሚሠራ ልጅ መሆኑን ብቻ ነበር የሚያውቁት። የሚያቀርበው ሐሳብ ደካማ ነበር። አጥናፉ የሚባለው ምላሰኛ አባል «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ዳማ አይደለም» እያለ ይቀልድበታል። ሪሐና አትቀልድም፤ ግን መልስም አትሰጠውም ነበር።

ከሞምባሳ ቡድን ጋር ሲገጥሙ ነገሩ ተለወጠ። አሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ላይ ሁሉም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲያስብ፣ ኢዘዲን «ፈረሱን በነጻ እንስጣቸው» ብሎ ጻፈ። አጥናፉ ሳቀበት። ሪሐና ሰሌዳዋን ዘርግታ ፈረሱን ሰጥታ አየችው። አምስት እርምጃ ወደፊት ስትሄድ የሞምባሳ ንጉሥ መሸሸጊያ አጣ። ለብቻው መልእክት ጻፈችለት።

«ይሄን እንዴት አየኸው?»

መልሱ ዘገየ። «እንጃ። በቃ ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይጻጻፉ ነበር። በሳምንቱ ደምበል ሥር ካለች ጭማቂ ቤት ተቀጣጠሩ።

ረጅም ነው፤ ቁመቱን ግን እንደ ጥፋት ቆጥሮ የሚጎብጥ ዓይነት። ሲያናግራት ጠረጴዛውን ያያል፤ እሷ ወደ ሌላ ስታይ ደግሞ ዓይኑ ፊቷ ላይ ያርፋል። ያንን ታውቃለች። ስለምታውቅም ሆን ብላ ወደ መንገዱ ትዞርለታለች።

«እኔ አጭር ሰው ነበር የጠበቅሁት» አለችው።

«ለምን?»

«አላውቅም። አጭር አጭር ስለምትጽፍ መሰለኝ።»

ሳቀ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሪሐና ያንን እጅ ከዚያ ቦታ ማንሳት አማራት።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከሥራ መልስ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ በእግራቸው ይወጣሉ። እናቱ የሞቱት እሱ ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው፤ ከእህቱ ከኢኽላስ ጋር በአንድ አሮጌ የቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለመፍረስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለሚያልመው ሕንጻ ያወራላታል። ስለ ቼዝ ስታነሳበት ብቻ ወሬ ይቀይራል። እሷ ትሕትና ነው ብላ ይበልጥ ወደደችው። ለእናቷም ነገረቻት። እናቷ «ማን ይባላል? የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ከእናቷ አንደበት ይህ እሺ ማለት ነው።

በሞምባሳው ሰሌዳ ላይ ቂርቆስ እየመራ ነበር። ልባቸውን የሚያማቸው ጋሽ ገብረክርስቶስ በየጠዋቱ ገጹን ሳይከፍቱ መድኃኒታቸውን አይወስዱም። «ይቺን አይቼ ልሙት» ይላሉ እየቀለዱ።

ሐምሌ ሲገባ ከሞምባሳው አምበል ለሪሐና መልእክት መጣ። ጨዋ መልእክት ነበር። ከአሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ወዲህ ያለው አጨዋወታችሁ የፕሮግራም ይመስላል፤ አንከሳችሁም፣ ሰዎችሽን ግን ጠይቂልን፤ የምትይውን እናምናለን ይላል።

ሪሐና ግማሽ ቀን ተናደደች። የተሸነፈ ሰው ወሬ ነው አለች። «የምትይውን እናምናለን» የሚለው ግን አላስቀምጥ አላት። በወንድሟ ኮምፒውተር ላይ የቼዝ ፕሮግራም ጫነችና እርምጃዎቹን አንድ በአንድ አስገባች። የጋሽ ገብረክርስቶስ ሐሳብ አንዳንዴ ይገጥማል፣ አንዳንዴ አይገጥምም። የአጥናፉም፣ የእሷም እንደዚያው። የኢዘዲን ግን ከፈረሱ ወዲህ ያቀረበው አሥራ አንዱም ሐሳብ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚመርጠው ነበር። አንዱም አልሳተም።

በማግስቱ ሰኞ ካዛንቺስ ሄደች። ሰፈሩ መፍረስ ጀምሯል። ሰው ቆርቆሮውን ራሱ እየነቀለ ይጭናል። ኢዘዲን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ አወቀ።

«ስንት ጊዜ?» አለችው።

«ሁሉንም። ከፈረሱ ጀምሮ።»

«ለምን?»

የጎረቤት ሰዎች ቁም ሣጥን ተሸክመው በመሃላቸው አለፉ።

«አንቺ አትመልሺልኝም ነበር» አለ። «ሌላው ይስቃል፤ አንቺ ግን ዝም ነው የምትዪው። ማለቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ልጠይቀው አልኩ፤ አንድ ቀን ብቻ። በዚያው ቀን ጻፍሽልኝ። እንዴት አየኸው አልሽኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ላቁም?»

ሪሐና ዝናብ የጀመረ መሰላት፤ የራሷ እንባ ነበር። ሌላ ውሸት ቢሆን ትችለው ነበር። ይሄ ግን ያን የመጀመሪያ ጥያቄዋን፣ አራት ወር ሙሉ እያነሳች ስትደሰትበት የኖረችውን ነገር ነው የበላው።

«ለቡድኑ ራስህ ንገር» አለችው። «ቀጣዩ እርምጃ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። እስከዚያ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፤ ጨዋታውንም እንለቃለን።»

«ጋሽ ገብረክርስቶስስ?»

«እሳቸውም ይሰሙታል።»

«እሺ» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት።»

ማክሰኞ ምንም አልተጻፈም። ረቡዕም። ሐሙስ ጠዋት ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ገጹን ስታየው ዋለች። ደንበኛ ፍሬን ሸራ ሲጠይቃት የዘይት ማጣሪያ አወረደችለት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፣ ስምንት አለፈ። አጥናፉ «ዛሬ የካዛንቺሱ ልጅ ምነው ዝም አለ? ንግሥቲቱን የት እናድርጋት?» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ገብረክርስቶስም ዝም አሉ። አይናገርም አለች በልቧ። ጠፋ። አታሎኝ ጠፋ። በየደቂቃው የሚጨምረውን ሕመም መቋቋም አልቻለችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጻፈችው። ስሙን ጠቅሳ፣ ያደረገውን ዘርዝራ፣ ሞምባሳዎችን ይቅርታ ጠይቃ፣ ጨዋታውን ለቀቀች።

ሞምባሳዎች በሰዓታት ውስጥ መለሱ። ይህንን እንዳሸነፍነው አንቆጥረውም፣ ስትረጋጉ ሌላ እንጀምር አሉ። የራሷ ቡድን ግን እንደነሱ አልሆነም። አጥናፉ ለኢዘዲን የጻፈውን ስድብ እሷ ራሷ ቆይታ አጠፋችው። ኢዘዲን አንድ ቃል አልጻፈም። ስሙ ከአባላቱ ዝርዝር ወጣ፤ ስልኩም ዝግ እንደሆነ ቀረ። አርብ ካዛንቺስ ሄደች። ቤቱ የነበረበት ቦታ ጭቃና ፍርስራሽ ሆኗል።

ጋሽ ገብረክርስቶስ በዚያው ሰሞን ሆስፒታል ገቡ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ሲወጡ ሪሐና ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው ሄደች። ከስተዋል። ስለ ጤናቸው ትንሽ አወሩ።

«ያ ልጅ እዚህ ነበር» አሉ ድንገት።

«የቱ ልጅ?»

«ኢዘዲን። ሐሙስ ዕለት፣ ስምንት ሰዓት ግድም ነው የመጣው። ‹በገጹ ከሚያነቡት ፊቴን እያዩ ቢሰሙኝ ይሻላል› አለኝ። አንድ ሳይደብቅ ነገረኝ። ተቆጣሁ፤ ኋላ ሳየው አሳዘነኝና ወረቀት ሰጠሁት። ለቡድኑ የሚለውን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጻፈ። ሰፈራቸው መብራት ተቆርጦ ስልኩ ሞቶበት ነበር፤ የእኔን ኮምፒውተር ከፈትንለት። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይሆናል። ያንቺ ቀድሞ ተቀምጧል።»

ሪሐና ብርቱካኑን እንደያዘች ቀረች።

«ለምን ያኔ አልላከውም?»

«‹አሁን ብልከው ተይዤ ያመንኩ ነው የሚመስለው› አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለእሷ አይንገሩብኝ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ሆስፒታል ተኝቼ ሳስበው ግን ይህን ይዤ መሞት ከበደኝ።» ሽማግሌው አዩዋት። «ቀጠሯችሁ ስንት ሰዓት ነበር፣ ልጄ?»

«አሥር» አለች።

ሌላ ነገር አልጠየቋትም።

አድራሻቸውን ከአንድ የቀድሞ ጎረቤት አግኝታ እሑድ ጀሞ ሄደች። ዕጣ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው አልተለሰነም፣ ዕቃው ገና አልተፈታም። በሩን የከፈተችው ኢኽላስ ማንነቷን ስታውቅ ጀሪካን አንስታ ውሃ ልቅዳ ብላ ወረደች።

«ቀደምኩህ» አለች ሪሐና፣ ገና ሳትቀመጥ። «አሥር ሰዓት ብዬህ ዘጠኝ ላይ ጻፍኩ። ይቅር በለኝ።»

«የጻፍሽው እውነት ነው።»

«እውነትም ቢሆን ሰዓቱ ያንተ ነበር።»

ኢዘዲን ከካርቶን ውስጥ ሰሌዳ አወጣና «ተጫውተን አናውቅም እኮ» አላት። እውነቱን ነው፤ አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠው ተጫውተው አያውቁም። እሱ ሲሸሽ ነበር።

ተጫወቱ። ኢዘዲን ቀስ ይላል፣ ለእያንዳንዷ ወታደር ይሳሳል፣ የሚፈራውን እየተከላከለ የማያየውን ይጥላል። ሪሐና እንዲያሸንፍ ልትተውለት አሰበች። አንዴ እጇ ወደ ተሳሳተ ቦታ ሊሄድ ደርሶ ነበር። መለሰችው። ሠላሳ እርምጃ ሳይሞላ አሸነፈችው።

እጁን ዘረጋላት። «አመሰግናለሁ» አለ። «አላዘንሽልኝም።» ከዚያ እጇን ሳይለቅ፦ «ከመጀመሪያው እንዲህ ተጫውቼ ቢሆን ኖሮ ትወጂኝ ነበር?»

«እወድህ ነበር» ልትለው ፈለገች። ቀላሉ እሱ ነበር። ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ያላረጋገጠችውን ልትነግረው አልቻለችም። በውስጧ መልሱን ፈለገች። ታች ኢኽላስ ከሴቶች ጋር ስታወራ ይሰማል።

«አላውቅም» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። እጇን ቀስ ብሎ ለቀቀው። እስከ ታክሲው ሸኛት፤ ዝናቡ እንዳይመታት በሚነፍስበት በኩል ቆሞ፣ እሱ እየበሰበሰ።

መልሱ የመጣላት ሜክሲኮ ጋ ስትደርስ ነው። የወደደችው የሚጎብጠውን፣ አፉን የሚሸፍነውን፣ ስለ እናቱ የሚያወራውን ልጅ ነበር። ፈረሱ አስተዋወቃቸው እንጂ አራት ወር ሙሉ በእግሯ ያስኬዳት ፈረስ አልነበረም። ደወለች፤ አልያዘላትም። የተገኘው በማግስቱ ነው። ሁሉንም ነገረችው።

እስክትጨርስ አዳመጣት።

«አመሰግናለሁ፣ ሪሐና» አለ። «ትናንት ብትዪኝ ኖሮ አምንሽ ነበር። ዛሬ ግን አዝነሽልኝ ይሁን እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ እጠረጥርሻለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሌላውንም ማመን ይከብደዋል። ቢሮው ሐዋሳ ፕሮጀክት አለው፤ እሺ ብያለሁ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

ሁለቱም ስልኩን መዝጋት አቅቷቸው ብዙ ቆዩ። መጨረሻ ላይ የተቋረጠው ካርዱ አልቆ ነው። ማንም መልሶ አልደወለም።

በዚያ ሳምንት ሪሐና በቡድኑ ገጽ ላይ፣ ከለቀቁት ጨዋታ ሥር ሌላ ጽሑፍ አኖረች። የሐሙሱን ቀን ሰዓቱን እየጠቀሰች ጻፈችው፤ ኢዘዲን ለማን፣ መቼ እንደተናገረ፣ እሷ መቼ እንደጻፈች። አጥናፉ ከታች «እኔም በድዬዋለሁ» ብሎ ጨመረ። ኢዘዲን ያንብበው አያንብበው አላወቀችም። በሦስተኛው ዓመት እዚያው ሐዋሳ ማግባቱን ከኢኽላስ ሰማች። እንኳን ደስ ያለው በይልኝ አለቻት። ከሱቁ ጓዳ ገብታ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ትንሽ ቆየች።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ካረፉ በኋላ ብርነሽ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቦታቸው ገባች። ፈጣን ልጅ ናት። የድሮ ጨዋታዎችን ስታገላብጥ የሞምባሳውን አገኘችውና ሱቁ ድረስ መጣች።

«ሪሑ፣ ይሄን እኮ አሸንፋችሁ ነበር። ለምን ለቀቃችሁ?»

«አንዱ ጓደኛችን ፕሮግራም ጠይቆ ነበር።»

«እና አንቺ አጋለጥሽው?»

ሪሐና የያዘችውን ካርቶን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«አይደለም» አለች። «ራሱ ነው የተናገረው። አሥር ሰዓት ተብሎ ከዚያ በፊት ተናግሯል። ሰዓቱን ያላከበርኩት እኔ ነኝ።»

ብርነሽ ሌላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ፣ የሪሐናን ፊት አየችና ተወችው።