የወይንሸት ኮሶ

ወይንሸት ሐሙስ ረፋድ ላይ አልጋዋ ሥር ተደፍታ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ አተላው ያልደረቀ የኮሶ ዋንጫ ነበር። እንሴኖ ገበያ በርበሬ እየሸጠች ስታንጎራጉር የታወቀችው ይህች ሴት፣ በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ያልዘፈነችበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ለዚያው ጠዋት አዲስ አበባ ሄዳ የመጀመሪያ ሸክላዋን እንድታስቀርጽ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር።

ኮሶውን የወቀጠችው እህቷ እሌኒ ናት። ሰፈርተኛው ፈርዶ ጨርሷል፤ እሷም ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ አልተከራከረችም። «በእጄ ወቅጬ በእጄ አጠጣኋት፤ ምን እላለሁ?» አለች።

መርማሪው መቶ አለቃ ሽባባው ጥፋቱን ቶሎ የሚያምን ሰው አይመቸውም። ቤቱን ሲፈትሽ ከሟቿ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥረው ሁለት የአውቶቡስ ቲኬቶች አገኘና ኪሱ ከተታቸው። ምን ያህል ኮሶ እንደዘፈዘፈች እሌኒን ጠየቃት።

«አንድ እፍኝ። ለራሴ ሌላ እፍኝ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫለሁ።»

መደርደሪያው ባዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወይንሸት ትዘፍንበት በነበረው ሆቴል አዳራሽ ሦስት ሰዎች ሰበሰበ፦ እሌኒን፣ ባለሆቴሏን ወይዘሮ አዛለችን፣ አሥራ አንድ ዓመት ማሲንቆ የመታላትን ዱባለን።

«ኮሶ ሲበዛ ይገድላል። ግን መራራ ነው፤ ሳያውቅ የሚጠጣው የለም» አለ ሽባባው። «የጠጣ ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አይርቅም። አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው በዚያ ጠዋት አይጠጣውም። ስለዚህ መንገዱ ቀርቷል ብላ ነበር። ማን ነገራት?»

አዛለች ረቡዕ ቀትር ላይ የሆቴሉን ስልክ ያነሳችው እሷ እንደነበረች ተናገረች። ከአዲስ አበባ የመጣው ቃል «ነገ እንጠብቃታለን» የሚል ነው፤ እንዲያደርስ የላከችውም ዱባለን ነው።

እሌኒ ቀስ ብላ ወደ ዱባለ ዞረች። «ለሰኞ ተላልፏል አልካት እኮ። ‹እንግዲያው ነገ ኮሶዬን ልጠጣ› አለችህ። ኮሶውን ዘፍዝፌ ውሃ ልቀዳ ስወጣም ማሰሮው አጠገብ ተቀምጠህ ነበር።»



«በአኮርዲዮን ነው የሚቀርጿት ሲባል ሰማሁ» አለ ዱባለ። «እኔን ጥላኝ ልትሄድ ነው አልኩ። ደግመው ቢደውሉም እንዳትነሳ ብዬ መደርደሪያው ላይ የነበረውን እፍኝ ጨመርኩበት። ሁለት ቀን እንድትተኛ ነበር፣ ጌታዬ፤ እንድትሞት አልነበረም። ዛሬ ደግሞ እሌኒን ሲወስዷት መንገድ ዳር ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ። ወይንሸትን ከመግደሌ ይልቅ እሱ አሳፈረኝ።»

ሽባባው ሁለቱን ቲኬቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሁለተኛው የማን ነው?»

«የሱ» አለች እሌኒ። «‹ያለ ዱባለ አልዘፍንም ብያቸው እሺ ብለዋል፤ ጠዋት ሻንጣዬን ሊሸከም ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ፤ እንዳታወጪብኝ› ብላኝ ነበር።»

ዱባለ ቲኬቱን አልነካም። እጁን አጣምሮ ፖሊስ መጥቶ እስኪወስደው ጠበቀ።

እሌኒ በዚያው ዕለት ተፈታች። ሰፈርተኛውም ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷ ግን ራሷን ይቅር አላለችም። ረቡዕ ዕለት ዱባለ ማሰሮው አጠገብ ሲቀመጥ የሁለተኛውን ቲኬት ምሥጢር ልታወጣለት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እህቷን ላለማስቀየም ዋጥ አድርጋ እንስራዋን አንስታ ወጣች።