ቢጫውን ማን ወተፈው?

ናይትሮጅን በሞላው ክፍል ውስጥ ሰው ስንት ደቂቃ የሚቆም ይመስላችኋል? ለመገመት አትድከሙ፤ ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። ጋዙ አይሸትም፣ አያስልም፣ አያስጠነቅቅም። ኬሚስቷም በምሳ ሰዓት ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሞታ ተገኘች። የጠርሙስ ክዳን ጨብጣለች፤ ከጣቶቿ ማላቀቅ አልተቻለም።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛው ተገኝቷል ተባለች። የጋዝ ሲሊንደሮቹን የሚጠብቀው ሽማግሌ ነው። የናይትሮጅኑ መዝጊያ ተከፍቶ፣ የአየር ማስወጫው ጠፍቶ ስለተገኘ የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ገዳይ!» ብለውት በካቴና ታስሯል።

«አባባ፣ መዝጊያውን ማን ከፈተው?»

«እኔ ዘግቼ ነው ምሳ የሄድኩት፣ ልጄ። ስመለስ ወድቃ አየኋት። መስኮቱን ከፍቼ ጎትቼ አወጣኋት።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠርሙስስ ነክተሃል?»

«እሱን ብነካ ከሞት ተነሥታ ትቆጣኝ ነበር!» አለ፤ በታሰሩ እጆቹ እንባውን ጠረገ።

ጠርሙሱ ዙሪያውን በብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ አፉ በጎማ ውታፍ ተወትፏል። መርማሪዋ ሳትነካው ትኩር ብላ አየችውና የሟችን የሥራ ጓደኛ ጠራች።

«ምን ነበር የምትሠራው?»

«ፕላቲነም የተባለውን ብረት ፎስፊን ከሚባል ውህድ ጋር ማጣመር። ሲሳካ ደማቅ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። አየር ከነካው ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይገረጣል።»

«ተሳክቶላት ነበር?»

ጓደኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ ጠዋት። ለፕሮፌሰሩ ግን ‹ከሸፈ› ብላቸዋለች። የመጀመሪያ ግኝቷን በራሳቸው ስም ብቻ አሳትመውባት የለ? ‹አባቴ ያልኩት ሰው ሸጠኝ› እያለች ነበር የከረመችው። ሰኞ ጉባኤው ላይ ቢጫውን ይዛ ልትቆምባቸው ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። «ዛሬ ወደዚያ ክፍል ዝር አላልኩም። ልጄ ነበረች እኮ! ፊደል ያስቆጠርኳት ያህል ነው።»

«ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? የከሸፈ ሙከራ ዝቃጭ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። «ዝቃጭ ከሆነ እንግዲህ ልድፋው» ብላ ውታፉን ያዘች።

«ተይ! አየር ይገባበታል!»

የፕሮፌሰሩ እጅ ከአፋቸው ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። መርማሪዋ ብርማውን ወረቀት ብቻ ገለጠችው፤ ቢጫው ቦግ አለ።

«ክዳኑ በሟች እጅ ነው» አለች። «ስለዚህ ስትወድቅ ጠርሙሱ ክፍት ነበር። ሙት አይወትፍም፤ ሌላ ሰው ወትፎታል። መቼ? መስኮቱ ከተከፈተ ወዲህ በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ እኔ የደረስኩት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ያን ያህል ክፍት ቢቆይ ገርጥቶ ባገኘሁት። የተወተፈው እንግዲህ ክፍሉ ገና በናይትሮጅን እንደተሞላ ነው። ትንፋሹን ይዞ የገባ ሰው ነበር።»

«ሽማግሌውስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እሱ የወደቀች ሰው ሲያይ እሷን አወጣ። ጓደኛዋ ከሦስት ሰዎች ጋር ምሳ ላይ ነበረች። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ‹ከሸፈ› ስትልዎ አላመኑም፤ ማስወጫውን አጥፍተው፣ መዝጊያውን ከፍተው ጠበቁ። ጠርሙሱን ሊወስዱ ሲገቡ በክፍት አፉ ቢጫውን አዩ። የኬሚስት እጅ ቢጫውን ክፍት ትቶ ማለፍ አይችልም፤ መጀመሪያ ወተፉት። ከዚያ የሽማግሌው ኮቴ ተሰማና ትተውት ወጡ። ዝቃጭ ነው ያሉትን ደግሞ አሁን ከአየር ሊያድኑ ዘለሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

«ረግጠሃት አልፈህ?» ጓደኛዋ ጮኸች፤ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «ረግጠሃት አልፈህ ጠርሙስ ወተፍክ? አባቴ እያለችህ!»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

የሽማግሌው ካቴና ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ ቀረባቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ገዳይ ያሉኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው፤ ልጆቼ ጆሮ ደርሷል። ፖሊስ መኪና ላይ ሳይወጡ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ይሰብሰብ። ጠርሙሱን ሲወትፉ ልጅቷ ትተነፍስ ነበር ወይስ አትተነፍስም? ለእኔ በጆሮዬ አይንገሩኝ። እዚያ ቆመው፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ!»