የአንቴናው መንገድ በሮች

የመረጃ ጥበቃ ኃላፊው ሻምበል ፐርዲ፣ በረሃ ውስጥ ባለ የጦር ሰፈር፣ ከምስጢራዊው አንቴና ሥር ጭንቅላቱን በብረት መፍቻ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሃኒጋን ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ስትደርስ፣ ቴክኒሻኗ ዴስፒና ማንታስ በካቴና ታስራ ወደ ዋና ከተማዋ ካንቤራ የሚወስዳትን አውሮፕላን ትጠብቅ ነበር።

«ሰላይዋ ተይዛለች፤ በከንቱ ደከሙ» አላት የሰፈሩ አዛዥ ሻለቃ ኮልበርት።

«ማን ያዛት?»

«እኔ» አለ የጥበቃ አለቃው ትራንተር። «የአንቴናው ፎቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። ፐርዲ ደረሰባት፤ ገደለችው። ቤቷ የሚወራው እንኳ እንግሊዝኛ አይደለም።»

«አንተስ እንግሊዝኛውን መቼ ቻልከው?» አለች ዴስፒና።

ሃኒጋን አልሳቀችም። ከሰፈሩ ወደ አንቴናው የሚወስደውን መንገድ ሄዳ አየችው። የመጀመሪያው የአጥር በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁለተኛው፣ የአንቴናው ግቢ በር፣ ተዘግቷል። በሟቹ መኪና የጎማ ዱካ ላይ ሌላ መኪና ሄዶ ተመልሷል። በተዘጋው በር አጠገብ አፈሩ በቅርንጫፍ ተጠርጓል፤ በተከፈተው ጋ ግን ማንም አልነካውም። ነገሩ ከነከናት።

ተመልሳ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ የት አደጋችሁ?

«ሲድኒ። ምን አገናኘው?» አለ ሻለቃው።

«ሜልበርን፣ ፎቅ ላይ» አለች ዴስፒና።

«ከብት እርባታ» አለ ትራንተር። «የከብት ሽታ ያስጠላዎታል እንዴ እመቤቴ?»

የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ሁሉንም በአዛዡ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ የእግሩን ዱካ የጠረገው ሁለተኛው በር ጋ ብቻ ነው። እዚያ ፐርዲ የዘጋውን ወርዶ ከፈተ፤ ሲመለስም ወርዶ ዘጋ። የመጀመሪያውን ፐርዲ በችኮላ ክፍት ስለ ተወው፣ ገዳዩ ሳይወርድ አለፈ፤ ሲመለስም እንደ ተከፈተ ተወው። ሻለቃ፣ ደንባችሁ ምን ይላል?»

«ክፍት ቢያገኘውም፣ ያለፈ ሁሉ ይዘጋል።»

«ደንብ የለመደ እጅ ሁለቱንም ይዘጋ ነበር። የሚሸሽ ከተሜ ሁለቱንም በርግዶ ይሄዳል። ሰው ገድሎ ሲሸሽ እንኳ የተዘጋውን የሚዘጋ፣ የተከፈተውን የሚተው ማን ነው? ከብት ውኃ እንዳያጣ፣ መንጋ ከመንጋ እንዳይቀላቀል፣ ‹በርን እንዳገኘኸው ተው› እየተባለ በኩርኩም ያደገ ሰው ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት።»

«ለአንድ በር ብለሽ ሰው ልታሳስሪ ነው?» ጮኸ ትራንተር።

«ለበር ብዬ አልጋህን አስፈተሽኩ። ስልክ በማይገባበት ሰፈር ስልክ ተገኘ፤ ፎቶውም አለበት።»

የትራንተር ፊት አመድ መሰለ። «ጀምበር ስትጠልቅ ነው ያነሳሁት! ለወንድሜ ልልክለት! አንቴናው መሃል ገባ እንጂ... ፐርዲ ግን ሰላይ አለኝ!»

«አንተስ እሷን ምን አልካት?»

ሃኒጋን መዳፏን ዘረጋችለት። የዴስፒና ካቴና ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ በሰፈሩም ያለው ካቴና አንድ ብቻ ነው።