የጎጆው አድራሻ

ጸሐፊው ወድቆ ሞቶ የተገኘው ወፎቹን ቁጭ ብሎ ከሚያይበት ማማ ሥር ነው፤ ራሱ ድንጋይ ላይ፣ እግሩ ሐይቁ ውስጥ። ያገኘችው ሚስቱ ናት። እንደ ልማዷ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ልታደርስለት መጥታ ነበር።

ማማው ላይ ደብተሩ ተከፍቶ ተቀምጧል። መርማሪዋ የመጨረሻውን መስመር ደጋግማ አነበበችው። «ዘጠኝ ተኩል። የዱር ዳክዬዋ ከተሰበረው ጀልባ ጀርባ አራት ዕንቁላል ታቅፋለች።»

ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ወደ ማማው የሄደች ሚስቱ ብቻ ናት። ወንድሙ፣ ሸምበቆ አጫጁ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ብዙ ሰው አይቶታል።

«እህቴ፣ እኔን ካሰሩኝ ልጄን ለማን ልተዋት?» አለች ሚስቲቱ።

«ይቆዩ፣ አይቸኩሉ። ጎጆው የት እንዳለ ነግሮዎት ነበር?»

«ለኔ? ‹አፍሽ ምስጢር አይቋጥርም› እያለ ይስቅብኝ ነበር እንጂ!»

መጽሐፎቹን የሚያሳትምለትም ሰው ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ አንድ ዓመት ጽሑፉን አርሜያለሁ። ቦታ ጻፍልኝ ብለው ‹የወፍ ጎጆ አድራሻ የለውም፤ ዕንቁላል ሌባም ያነባል› ይለኛል።»

መርማሪዋ ጀልባ ተውሳ ሄዳ አየች። ማታ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ ደብተር ሁሉ ቦታው የተጻፈ ጎጆ አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው። ስለዚህ የጻፈው ሟቹ አይደለም» አለች። «የጻፈው ሰው ሟቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ በሕይወት ነበር እንዲባል ፈልጓል። ይህ የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ለታየ ሰው ነው። ጎጆውንም ያውቃል። ከጀልባው ጀርባ ሸምበቆው ሁሉ ታጭዷል፤ ጎጆው ያለበት አንድ ጭብጥ ብቻ ቆሟል።» ወደ ወንድሙ ዞረች። «ሁለታችሁንም ፊደል ያስቆጠሯችሁ አባታችሁ ናቸው አሉ። የእጅ ጽሑፋችሁ ይመሳሰላል።»

ወንድሙ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«እስኪፈለፈሉ ማጭድ አታንሳ አለኝ። ልጆቼስ ምን ይብሉ? ለወፍ ሲያዝን ለኔ... ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም። እትዬ፣ ሻይሽን ረሳሁት፤ ባንቺ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ለዳክዬዋ ራርተህላት» አለች ሚስቲቱ፣ «ለወንድምህ ጨከንክ?»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስቲቱ ማማው ላይ ወጣች። ባሏ ያስተማራትን ፊደል አንድ በአንድ እያስታወሰች ደብተሩ ላይ ጻፈች። «አራቱም ተፈለፈሉ።»

የት እንደሆነ ልትጨምር እርሳሱን አነሳች፤ መልሳም አስቀመጠችው።