የአልጋችን ቦታ

ንዋይ አሰብ የገባው በጥር ነው፤ መዘዙ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። በጥር የአሰብ ነፋስ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል፣ ሰዉም ሰኔ የሚባል ወር መኖሩን እርግፍ አድርጎ ይረሳል።

ከአዲስ አበባ የላኩት የከተማዋን አዲስ መሐል እንዲነድፍ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ታይፕ ጸሐፊ አባይነሽ መጀመሪያ ያየችው፣ ከአውራጃው መናፈሻ አጠገብ ያለውን ባዶ ሜዳ በሜትር ሲለካ ነው። ነፋሱ ባርኔጣውን ነጥቆታል፤ እሱም ሜትሩን ይልቀቅ ወይስ ባርኔጣውን ያባርር ግራ ገብቶት ቆሟል። አባይነሽ ባርኔጣውን ልትይዝለት ሮጠች።

«እባክሽ እህቴ፣ ባርኔጣውን ተይውና ይቺን ጫፍ ያዢልኝ» አላት።

ባርኔጣው ባሕር ገባ። አባይነሽ ግን እስከ ምሳ ሰዓት የሜትር ጫፍ ይዛ ዋለች። ቢሮ ስትመለስ ለአለቃዋ የሰጠችው ምክንያት ራሷንም አላሳመናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜዳው በተለካ ቁጥር ጫፉን የምትይዘው እሷ ሆነች። ንዋይ ቁጥር ሲጽፍ እያየችው፣ ቀና ሲል ወደ ባሕሩ እየዞረች፣ እንዲሁ ሰነበቱ።

ፕላኑ አለቀ። ማዘጋጃ ቤቱ እዚህ፣ ፖስታ ቤቱ እዚያ፣ ሲኒማው ጫፍ ላይ፤ ቀይ የተቀቡ ችካሎች በየቦታው ተተከሉ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። የአባይነሽ አባት አቶ ውድነህ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ናቸው፤ ሲኒማ ደጃቸው ድረስ ሊመጣላቸው መሆኑን ሲሰሙ ንዋይን ለፋሲካ ምሳ ጠሩት። እናትየው ወይዘሮ ታደለችም ዶሮውን እያቀረቡ ዘመዶቹን አንድ በአንድ ጠየቁት። ነገሩ ገብቷችኋል መቼም። ፕላኑ ሲጸድቅ ንዋይ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ አባይነሽን ይዞ ይሄዳል። ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር።

ከዚያ ሰኔ ገባ።

በሰኔ አሰብ ውስጥ ጣሪያ ሥር የሚተኛ የለም። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ በሙሉ አልጋውን ተሸክሞ ይወጣል፤ የሚወጣውም ወደዚያው ሜዳ ነው። የየመኒው ዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ፣ ከራሔይታ የመጡት አፋሮች፣ የጉምሩኩ ጸሐፊና ልጆቹ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያውቃል። ምልክት የለው፣ አጥር የለው፤ ግን ማንም የማንንም ቦታ አይነካም። የአቶ ውድነህ በባሕሩ በኩል ጫፍ ላይ ነው። አባይነሽ ያደገችው እዚያ ነው።

አልጋ በወጣበት የመጀመሪያው ማታ አቶ ውድነህ አልጋቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሲራመዱ ተረከዛቸው ከቀይ ችካል ጋር ተላተመ። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብለው ልጃቸውን ጠየቁ።

«የሲኒማው ግድግዳ ነው፣ አባባ።»

አቶ ውድነህ ተረከዛቸውን እያሹ ችካሎቹን በዓይናቸው ተከተሉ። አንዱ በዳቦ ጋጋሪው ራስጌ፣ ሌላው በጉምሩኩ ጸሐፊ ግርጌ። ፕላኑ ያለቀ ጊዜ እሳቸውም እንደተደሰቱ ሊያስታውሳቸው የደፈረ አልነበረም።

«መኝታዬንም ልጄንም ወስዶ፣ እሱ ደጋ ላይ ብርድ ልብስ ሊከናነብ ነው» አሉ። «ሽማግሌ እንዳይልክ ንገሪው።»

አባይነሽ ተቃጠለች። በአባቷም በንዋይም ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሷ። የተኛችበትን፣ ያደገችበትን መሬት በገዛ እጇ ስታስለካ አልጋ የሚባል ነገር ትዝ አላላትም።

ጠዋት ለንዋይ ነገረችው። እርጥብ ፎጣ አናቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ ሙቀቱ አንገቱን ሽፍታ በሽፍታ አድርጎታል። መጀመሪያ ሳቀ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። ፕላኑ ጸድቋል፣ ዝውውሩም መጥቷል። እንደገና ልንደፍ ካለ ግን ዝውውሩ ይቀራል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት እዚሁ መቀቀል ነው። ይህን ሁሉ ነገራት።

«ብትሄድ አልቀየምህም» አለችው በመጨረሻ። ዋሸች።

«ሜትሩን ማን ይይዝልኛል ታዲያ?» አላት። «ነገ ፀሐይ ሳይወጣ ነይ።»

አለቃው ጮኸ፣ ዝውውሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሁለቱ ግን በየንጋቱ ሜዳው ላይ ነበሩ። በአዲሱ ፕላን ሕንፃዎቹ ከመንገዱ ማዶ ተሻገሩ፣ ሜዳው ከመናፈሻው ጋር ተቀላቀለ፣ የሚነደውን የምዕራብ ነፋስ እንዲከልል ዳር ዳሩን ዘንባባ ታሰበለት። ችካሎቹ አንድ በአንድ ተነቀሉ። አቶ ውድነህ የተኙ መስለው ከአልጋቸው ላይ ሁሉንም ያዩ ነበር።

በነሐሴ ንዋይ ሽማግሌ ላከ። ቤት ውስጥ ስለማይቻል የተቀበሏቸው ሜዳው ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው በላብ ተጠምቀው ቆሙ። አቶ ውድነህ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጁ የት ነው የሚተኛው? መሪያቸው፣ የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌሩ አቶ ገሠሠ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠውን ቤት ከነመስኮቱ ማሞገስ ጀመሩ።

«ቤቱን አልጠየቅሁም። በዚህ ሙቀት የት ነው የሚተኛው?»

እውነቱ ወጣ። ንዋይ ሰኔንም ሐምሌንም የተኛው ቤት ውስጥ ነበር። ከአልጋዎቹ ረድፍ ቦታ የሰጠው ሰው የለም፤ እንግዳ ደግሞ ዝም ብሎ አልጋ አይዘረጋም። አባይነሽ አቀረቀረች፤ ይህን አልነገራትም ነበር።

አቶ ውድነህ ተነሡ። አልጋቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው አልጋ ጎተቱት። በባሕሩ በኩል አንድ አልጋ የሚያስገባ ቦታ ተከፈተ፤ ነፋሱ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው።

«ሂዱ ጥሩት። አልጋውን ይዞ ይምጣ» አሉ። «እስከ ሠርጉ ድረስ ግን መሐል ላይ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ያኔ ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ታደለች እልል አሉ፣ የዳቦ ጋጋሪውም ቤተሰብ ተከተላቸው። ትንሽ ቆይቶ ንዋይ የማዘጋጃ ቤቱን የብረት አልጋ ብቻውን እየጎተተ፣ እያቃሰተ መጣ። አባይነሽ ሄደችና ጫፉን ያዘችለት።