በሬንጁ ላይ አራት ጉድጓዶች

አጎትየው ለመርማሪዋ የሰጠው ቃል ይህ ነበር፦ «ልጁ ሰባት ሰዓት ላይ ኮፍያውን አጥልቆ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የደረቀ አንሶላ ላውርድ ብሎ በገዛ እግሩ ጣሪያ ወጣ። እኔም በመኪና ልብሱን ወደምናጥብለት ሆቴል ሄድኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስመለስ ሞቶ አገኘሁት። ጠዋት እህቱ ከሠርጌ በኋላ ካንተ ጋር አልኖርም ብላዋለች፤ ከዚያ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ ነው የዋለው። ከዚህ በላይ ባልናገር ይሻላል።»

እህትየው ደግሞ እንዲህ አለች፦ «ወንድሜ ፀሐይ ሳትበርድ ጣሪያ አይወጣም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ መስኮት አጠገብ እንኳ አይቆምም። ሰው አውጥቶታል እንጂ በራሱ አልወጣም።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ወይም እኔ ነኝ ያወጣሁት። በአፌ።»

መርማሪዋ ሁለቱን ቃል በማስታወሻዋ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች። የሥራ ባልደረቦቿ «ዳባሿ» ይሏታል፤ በዓይኗ ያየችውን በእጇ ካልነካች አታምንም። ቃል ግን አይዳሰስም። እናም ወደ ጣሪያው ወጣች።

ሟቹ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። አልቢኖ ስለነበር ቆዳውም ፀጉሩም ከተወለደ ጀምሮ ቀለም አልነበራቸውም። በአጎቱ የልብስ እጥበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ሲለይና ሲያጥፍ ነው የሚውለው። አሁን ከጣሪያው የብረት በር ሥር በጎኑ ተኝቷል። ሐኪሙ አጠገቡ ተንበርክኮ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ሙቀት ነው የገደለው» አለ። «ከሁለት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆይቷል። ግን ይሄን እይው።»

የሟቹን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ። የክንዱ ቆዳ በአንድ ቀን የተጎዳ አይመስልም። አንዱ ቦታ ተልጦ ድኗል፣ ሌላው ቅርፊት ይዟል፣ ቀሪው ደግሞ ዛሬ ውሃ ቋጥሯል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የኮፍያውን ማሰሪያ ከአገጩ ሥር ፈታች፤ መነጽሩንም ቀስ አድርጋ አነሳች። ዓይኑ ዙሪያ፣ ግንባሩ፣ ማሰሪያው ያረፈበት አገጩ፣ ሁሉም እኩል ቀልቷል። መዳፎቹን ገለበጠች። ሁለቱም ተልጠዋል። ከዚያ እጇን በሩ ላይ አሳረፈችና ወዲያው ሳበችው። አሥር ሰዓት አልፎም ብረቱ ገና ያቃጥላል።

የልብስ መስጫ ገመዶቹ ባዶ ናቸው። መቆንጠጫዎቹ ሁሉ በከረጢታቸው ውስጥ ናቸው። የጣሪያውን ወለል የሸፈነው ሬንጅ በሙቀት ለስልሷል፤ በአንደኛው ጥግ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች አሉበት፣ አጠገባቸውም ሌሎች አራት፣ ከዚያም ሌሎች አራት። ጣቷን ከትታ ጥልቀታቸውን ለካች።

ስትወርድ መጀመሪያ ያነጋገረችው ልብስ ተኳሹን ነው። ቀጭንና ቀልደኛ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ ከአፉ ሳይወጣ ይደርቃል።

«ተኳሽ ነህ አሉኝ» አለችው።

«እኔ የምተኩሰው ሸሚዝ ብቻ ነው፣ እመቤቴ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «መብራት አምስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ያለ መብራት ምን አደርጋለሁ? ሻይ ቤት ሄጄ እስከ ዘጠኝ ተኩል ካርታ ስጫወት ነበር። ባለቤቷን ይጠይቁ፤ ሁለቴ ተሸንፌ ሁለቴም ስቃብኛለች።»

«በልጁ ትቀልድበት ነበር አሉ።»

አንገቱን አቀረቀረ። «ስኳር እለው ነበር። ‹እንዳትሟሟ› እለው ነበር። ‹አንተ ግን ከስለህ አለቅህ› ይለኛል። እንሳሳቅ ነበር እኮ... እሱም ይስቅ ነበር።»

እህትየው ምድር ቤት ናት። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያልታጠቡ አንሶላዎች በአረፋ ተውጠው ቆመዋል። እሷም መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ሸሚዝ በእጇ ስታጥብ ነበር።

«የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን ማን ነው የሚቀባው?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«ፊቱን ራሱ፤ ጀርባውንና ማጅራቱን እኔ። ጠዋት አንዴ፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ። ሁለት ወር ሆነው ‹ልጅ አይደለሁም፣ ራሴ እቀባለሁ› ካለኝ። ከታጨሁ ወዲህ ነው። እኔም ያለ እኔ መኖር እየለመደ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ዛሬ ስትፈልጊው አልነበርሽም?»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሚስማር ጠቆመች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ ልፈልገው ነበር። ኮፍያውና መነጽሩ እዚህ ተሰቅለው አየሁ። ያለ እነሱ ደጃፍ እንኳ አይወጣም። የሆነ ክፍል ውስጥ አኩርፎኝ ተኝቷል አልኩና ተመለስኩ።» ፊቷን በርጥብ እጆቿ ሸፈነች። «እውነቱን ንገሪኝ። በእኔ ምክንያት ነው ራሱን የገደለው? ይሄን ሳላውቅ አንዲትም ሌሊት አላድርም።»

መርማሪዋ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

አጎትየውን ያገኘችው ደንበኛ መቀበያው ጋ፣ በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ነው። ሁለቱን የሙት ልጆች ከልጅነታቸው አንስቶ ያሳደገ ሰው ነው።

«የጣሪያው በር ተቀርቅሮ ነበር?»

«ገርበብ ብሎ ነበር።»

«ልጁ ያወረደው አንሶላስ የት ደረሰ?»

«እኔ ምን አውቄ... አላወረደ ይሆናል።» ዓይኖቹ ደም መስለዋል። «ምን ዋጋ አለው አሁን? ቆዳው እኮ ሊበረታለት ነበር...»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥታ ሆቴሉ ጋ ስልክ ደወለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አጎትየው በርጩማውን ይዞ እንዲመጣ ጠየቀችው።

«ከኮፍያው ልጀምር» አለች። «ፀሐይ ላይ ኮፍያና መነጽር ያደረገ ሰው፣ ማሰሪያው ያረፈበትና መነጽሩ የሸፈነው ቆዳ ሳይቃጠል ይቀራል። የእሱ ፊት ግን እኩል ነው የተለበለበው። ሲወጣ ባዶ ራሱን ነበር። ኮፍያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስማሩ ላይ ነበር፤ ያጠለቁለት ከሞተ በኋላ ነው።»

ተኳሹ «ወይ አምላኬ» አለ።

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ተባልኩ። ክፍት በር ደግሞ ማንም መዳፉ እስኪላጥ አይደበድብም። ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። መሞት የፈለገም ሰው ክፈቱልኝ እያለ በር አይመታም።» ወደ እህትየው ዞረች። «ወንድምሽ መኖር ነው የፈለገው። ይሄን ያዢ።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ማልቀስ ጀመረች።

«አንሶላ ሊያወርድም አልወጣም። መብራት ከጠፋ ጀምሮ አንሶላዎቹ ማሽን ውስጥ ናቸው፤ ገመዱም ባዶ ነው። ታዲያ ለምን ወጣ? ክንዱ ላይ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ የተደራረበ ቃጠሎ አለ። በሬንጁ ላይ ደግሞ የበርጩማ እግሮች በተለያየ ቀን የቆፈሯቸው ጉድጓዶች። ቀትር ላይ እየወጣ ይቀመጥ ነበር፤ የሚያወጣውም ሰው ነበረው።»

በርጩማውን አንስታ ገለበጠችው። አራቱም እግሮች ጫፋቸው ላይ ጥቁር ሬንጅ ይዘዋል፤ በአንደኛው ላይ ያለው ገና ጣት ላይ ይጣበቃል።

«ጋሼ?» አለች እህትየው።

አጎትየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። የተሰነጣጠቁና የጠነከሩ እጆቹን ዘረጋ። «እነዚህን እዩ። ስጀምር የፈላው ውሃና በረኪናው ቆዳዬን ገፎት ነበር። ሠላሳ ዓመት ስነክራቸው ለመዱ፤ አሁን አይሰማኝም። የእሱስ ለምን አይለምድም አልኩ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ አሥር... ያለ ቅባት። ‹በሠርጓ ቀን ያለ ኮፍያ ከጎኗ ልቁም፣ ጋሼ› አለኝ። ዛሬ ግማሽ ሰዓት ልሞክር ብሎ የለመነኝ እሱ ነው!»

«የቀረቀሩት ለምንድነው?»

«እሷ ብትመጣ በሩ ተቀርቅሮ አይታ ጣሪያው ላይ ማንም የለም ብላ እንድትመለስ። ከዚያ ከሆቴሉ ተደወለ። ቶሎ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩ። መንገዱ ተዘጋ...»

«ለሆቴሉ ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ መንገድ ተዘጋብኝ እያሉ። ጠይቄያለሁ።» የመርማሪዋ ድምፅ ዝቅ አለ። «ስልኩ በእጅዎ ነበር። እሷ ደግሞ ከታች ነበረች። አንዴ ‹ክፈቺለት› ቢሏት ይወርድ ነበር።»

«ታውቅብኛለች ብዬ ፈራሁ። መንገዱ አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል እያልኩ...» ሰውየው መሬት ላይ ተንበረከከ። «ልጄ፣ ካንቺ በቀር ማን አለኝ? አንቺስ ከእኔ በቀር ማን አለሽ?»

ተኳሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ኮፍያውን ሚስማሩ ላይ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች መርማሪዋ ለልጅቷ። «አሁን ያለውን ነገ ቢክድ፣ ያላንቺ ቃል ነገሩ አደጋ ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። አሳዳጊሽ ነው፤ ዛሬውኑ መልሺ አልልሽም።»

እህትየው ወደ አጎቷ ሄደች፤ ክንዱን ይዛ ከመሬት አነሳችው፤ ጉልበቱ ላይ የተጣበቀውን አቧራ በእጇ አራገፈችለት። እሱ ሊያቅፋት ሲል ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ነገ እንቀብረዋለን» አለችው። «አንተ ነህ ያሳደግከው፤ ከጎኔ ቆመህ ትቀብረዋለህ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ጋሼ፣ ፍርድ ቤት ቆሜ እመሰክርብሃለሁ።»